የእንግሊዝኛው «ጌት» ስንት ትርጉም አለው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህርት። ሐዋሳ ሐይቅ ላይ እንግዳ በጀልባ አዞራለሁ። ጉማሬ ሊያዩ የሚመጡ ፈረንጆች ወሬያቸው ሁሉ «ጌት» ነው። እኔ የማውቀው ማግኘት ማለት መሆኑን ብቻ ነው። ባለፈው አንዲት ሴትዮ «አይ አም ጌቲንግ ኮልድ» አለችኝ። ቀዝቃዛ ነገር የፈለገች መስሎኝ ውሃ አቀበልኳት። ለካ በርዷት ኖሯል! ይህን ቃል እንዴት ልልመደው?
ጀልባ ነጂው፣ ከአሞራ ገደል

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ጠየቅከኝ። እዚሁ ሐዋሳ ለዓመታት እንግሊዝኛ ሳስተምር ጎበዝ ተማሪዎችም የሚቸገሩበት ቃል ይህ ነበር። ደብተራቸው ላይ «ጌት፦ ማግኘት» ብለው ይጽፉና ያልፉታል። አንተ ትርጉሙን አትቁጠር። ከ«ጌት» ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል አዳምጥ።

የነገር ስም ከተከተለው ማግኘት፣ መቀበል፣ መግዛት ወይም ሄዶ ማምጣት ነው። «ጌት ኤ ጆብ» ሥራ ማግኘት ነው። ሁኔታን የሚገልጽ ቃል ከተከተለው ግን ለውጥ አለ ማለት ነው። «ኢትስ ጌቲንግ ዳርክ» ካሉህ እየጨለመ ነው፤ ወደ ዳር መመለስ ፈልገው ይሆናል። ሴትዮዋም ያለችህ «እየበረደኝ ነው» ነው። ውሃ ብትፈልግ ኖሮ «ካን አይ ጌት ሰም ኮልድ ዎተር» ትልህ ነበር። ልዩነቱን ያመጣችው «ዎተር» የምትለዋ ስም ናት።

የቦታ ወይም የአቅጣጫ ቃል ሲከተለው ደግሞ መንቀሳቀስ ወይም መድረስ ይሆናል። «ጌት ሆም» ቤት መግባት ነው። ለአንተ ሥራ ዋናው መሳፈርና መውረድ ስለሆነ እዚህ ላይ ልቆይ። ቆመህ ልትራመድበት በምትችል ትልቅ መጓጓዣ፣ ማለትም በአውቶቡስ፣ በባቡር፣ በመርከብና በአውሮፕላን፣ መሳፈር «ጌት ኦን»፣ መውረድ «ጌት ኦፍ» ነው። ጎንበስ ብለህ ገብተህ የምትቀመጥበት ሲሆን «ጌት ኢን» እና «ጌት አውት» ትላለህ። መኪና እንዲህ ነው። ባጃጅም እንዲሁ። የአንተ ትንሽ ጀልባም እዚሁ ውስጥ ናት። ስለዚህ እንግዶችህን «ፕሊዝ ጌት ኢን» በላቸው። ብስክሌትና ፈረስ ላይ ግን ከላይ ስለምንቀመጥ «ጌት ኦን» ነው።

አንድ የሚያምታታ ነገር አለ። «ጌት» ላለፈ ጊዜ ሲሆን «ጎት» ይባላል። «ዊ ጎት ቱ ሲ ዘ ሂፖዝ» ካሉ ጉማሬዎቹን ለማየት በቅተዋል፤ ደስ ብሏቸዋል። «ዊቭ ጎት ቱ ሲ ዘ ሂፖዝ» ካሉ ግን ሳናይማ አንሄድም ማለታቸው ነው። መሃል ላይ ያለችው «ቭ» ቶሎ ሲናገሩ ትዋጣለች። ያኔ ጉማሬውን አይተዋል ወይስ አላዩም ብለህ ራስህ አመዛዝን። «አይ ጎት ኢት» ደግሞ ገባኝ ማለት ነው።

ብዙ መስሎ ከታየህ የእኛን «ያዘ» አስበው። ጉንፋን ያዘኝ፣ ታክሲ ያዝኩ፣ ቀጠሮ ያዝኩ፣ ሌባ ያዙ እንላለን። አንዱንም በዝርዝር አላጠናነውም። አብረውት ከሚሄዱት ቃላት ጋር ሰምተን ነው የለመድነው። አንተም «ጌት»ን ብቻውን አትያዘው፤ «ጌት ኮልድ»፣ «ጌት ኢን» እያልክ ከጓደኛው ጋር ያዘው። በየቀኑ ተናጋሪውን ከአፉ የምትሰማ ሰው ነህ፤ ይህን ዕድል ብዙ ተማሪዎቼ አላገኙትም።

ጥያቄ፦ መምህርት፣ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። አንድ አሜሪካዊ እንግዳ «ጎትን» ሲል ሰማሁት። ትምህርት ቤት የተማርነው «ጎት» ብቻ ነው። ስህተት ነው?
ከፒያሳ

መልስ፦ ስህተት አይደለም፣ ልጄ። «ጎትን» ጥንት እንግሊዝ አገርም ይነገር ነበር። እዚያ በ«ጎት» ተተካ፤ አሜሪካ ላይ ግን እስከ ዛሬ ይነገራል። እንዲያውም አሜሪካኖች ሁለቱን ይለዩባቸዋል። «አይቭ ጎት ኤ ካር» መኪና አለኝ ሲሆን፣ «አይቭ ጎትን ኤ ካር» መኪና አግኝቻለሁ ነው። «ፎርጎትን» (የተረሳ) የሚለውን ግን እንግሊዞችም እስከ ዛሬ ይሉታል። ትምህርት ቤት የተማርሽውን «ጎት» አትተዪ፤ ሌላው ሲናገር ብቻ አትደንግጪ። የሥራ ማመልከቻ ስትጽፊ ግን ሁለቱንም ተዪአቸው። ዲግሪሽን «ጎት» ሳይሆን «ሪሲቭድ» ብለሽ ጻፊ። «ጌት» የወሬ ቃል ነው፤ ማመልከቻ ላይ ይቀልላል።