የድሮ ኮምፑር ከቴሳር ጋር፦ ልግዛ ወይስ ልተው ላልከው

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት። ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ሰው ለትልቅ የፊልም ካሜራ የሚሆን 13.5 ሴንቲሜትር ቴሳር ሌንስ ከነ ድሮ ኮምፑር ሹተሩ (ብርሃኑን ለተወሰነ ጊዜ ከፍቶ የሚዘጋው ክፍል) ሊሸጥልህ ነው። አንድ ሰከንድ ላይ ስታደርገው ተከፍቶ ይቀራል። ሻጩ ደግሞ "የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርግበት፣ ይለቃል" ብሎሃል። ልግዛው፣ ልተወው ወይስ ሌንሱን ኮፓል ወደሚባለው አዲስ ሹተር ላዛውረው ነው ያልከው።

ዘይቱን እርሳው። የሹተር ቅጠሎች ስስ ናቸው፣ መንሸራተት ያለባቸውም ደርቀው ነው። ዘይት ሲነካቸው እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ለሳምንት ይለቅልህ ይሆናል፣ አቧራ ሲይዝ ግን ከቀድሞው ይብሳል። አብዛኛውን ጊዜ ያሰረው ራሱ የደረቀ የድሮ ቅባት ነው፣ በቅባት ላይ ቅባት መጨመር ምን ይሉታል? የሚያስፈልገው ተፈትቶ መጽዳት ነው። እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰዓት ሠሪ ካገኘህ ይሠራዋል። ሙሉውን ቤንዚን ውስጥ እንዳይነክረው ብቻ ንገረው፣ የአንዳንድ የድሮ ሹተሮች ቅጠል ብረት አይደለምና ይበላሻል።

ሌላው ብርዱ ነው። እዚያ ከተማ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለህ፣ የታኅሣሥን ውርጭ አንተው ታውቀዋለህ። ያረጀ ቅባት ሲበርደው ይጠነክራል፣ ስለዚህ ማለዳ ያየኸውና ከሰዓት ያየኸው ሹተር አንድ አይደሉም። በጠዋት ሄደህ ፈትነው። ከኪሱ አሙቆ አውጥቶ ቢያሳይህ አትመነው።

ስትፈትነው ግን ተጠንቀቅ። ላይኛው ላይ የሚዞር ትልቅ መደወያ ካለው ከ1912 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሙኒክ ውስጥ በዴከል ፋብሪካ የተሠራው የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ዜድ፣ ዲ እና ኤም የሚል ትንሽ መምረጫም አለው፣ በሁለቱ አንተው ከፍተህ ትዘጋዋለህ፣ በኤም በመረጥከው ፍጥነት ራሱ ይዘጋል። ኤም ላይ ካልሆነ መወጠሪያው አይሄድም፣ አይሂድ! በጉልበት የገፋው ሰው ነው የሚሰብረው። ፍጥነቱን መጀመሪያ ምረጥ፣ ከዚያ ወጥር።

ፍጥነቱን ለማወቅ የተለየ መሣሪያ አያስፈልግህም። ሌንሱን ወደ መስኮት አዙረው፣ ከጀርባው ስልክህን በዝግታ ቪዲዮ፣ በሰከንድ 240 ፍሬም ላይ አድርገህ ቅረጸውና ተከፍቶ የቆየባቸውን ፍሬሞች ቁጠር። አንድ አሥረኛ ሰከንድ 24 ፍሬም ነው፣ አንድ ሃያ አምስተኛ ደግሞ ወደ 10። ከአንድ መቶኛ ጀምሮ ሁለት ሦስት ፍሬም ወይም ያነሰ ስለሚሆን ስልክ አይለየውም፣ አትድከም።

ደግሞስ ፈጣኑ ፍጥነት ምን ያደርግልሃል? ጣርማ በር ወይም አንኮበር ገደል አፋፍ ላይ ቆመህ፣ በጠራ ፀሐይ፣ 100 አይሶ ፊልም ይዘህ (አይሶ ፊልሙ ለብርሃን ያለው ስሜት ነው)፣ የሌንሱን ቀዳዳ እስከ ኤፍ 32 ብታጠበው የሚያስፈልግህ አንድ ሃያ አምስተኛ ነው። እሱና አንድ አሥረኛው በትክክል ከሠሩ አንድ ሰከንዱ ቢቆም ምን ቸገረህ። የሌንሱን ክዳን ከፍተህ፣ ቆጥረህ ትዘጋዋለህ። በፊልም ፈንታ በፎቶ ማተሚያ ወረቀት የምታነሳ ከሆነማ አይሶው 6 ገደማ ስለሆነ በደመና ቀን ብዙ ሰከንድ ነው የሚጠይቅህ፣ ያኔ ሹተሩ ጨርሶ ባይኖርም ክዳኑ ይበቃል። ወረቀት ሰማዩን ነጭ ያደርገዋል እንጂ።

ስለዚህ ዋጋውን የሚወስነው መስታወቱ ነው። የስልክህን መብራት አብርተህ ከኋላ በኩል አብራበት። ቴሳር አራት መስታወት ነው፣ የኋለኞቹ ሁለቱ የተጣበቁ ናቸው፣ ችግር የሚጀምረውም እዚያ ነው። ጠርዙ ላይ እንደ ቀስተ ደመና የሚያብረቀርቅ ነገር ካየህ ማጣበቂያው መልቀቅ ጀምሯል። ጠርዝ ላይ ትንሽ ከሆነ ዋጋ አስቀንስበት፣ መሃል ከደረሰ ተወው። እንደ ጭጋግ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ በጽዳት ይለቃል። እንደ ሸረሪት ድር የሚዘረጋው ሻጋታ ግን መስታወቱን በልቶ ሊሆን ይችላል። የፊቱ መስታወት ላይ ጥቃቅን ጭረት ስታይ አትደንግጥ። ሽፋን የሌለው የድሮ መስታወት ስለሆነ ለማንኛውም ፀሐይ ከፊት ሲመጣ ይነጣብሃል፣ በባርኔጣህ ጋርደው።

ኮፓሉን አልመክርህም። የሌንሱ ጥርስ ከኮፓል ጥርስ ጋር አይገጥምም፣ በፊትና በኋላ መስታወት መካከል ያለው ርቀትም መጠበቅ አለበት። ለቶርኖ ቤት የምትከፍለውን ጨምረህ ሲማር 150 የሚባለውን ሌንስ ከነ ኮፓል 0 ሹተሩ ብትፈልግ ይሻልሃል። እሱ 4 በ 5 ኢንች ፊልምን በሰፊው ይሸፍናል። ይህ ቴሳር ለ9 በ 12 ሴንቲሜትር የተሠራ ነው፣ 4 በ 5 ላይ ቀዳዳውን በደንብ ካጠበብከው ልክ ልኩን ይደርሳል እንጂ ሌንሱን ከፍ ዝቅ ማድረጊያ አይተርፍህም። የአንኮበርን ገደል ቀጥ ብለህ ከሆነ የምታነሳው ይበቃሃል፣ ቤተ ክርስቲያን ከሥር ሆነህ ሌንሱን ከፍ አድርገህ ከሆነ ግን ጠርዙ ይጠቁርብሃል።

አናጺው ሌንሱ የሚታሰርበትን ሰሌዳ ከመብሳቱ በፊት የሹተሩን አንገት በካሊፐር ለካ። ከኋላ የሚይዘው ቀለበት አብሮ መኖሩንም እይ፣ ብዙዎቹ ሲሸጡ እሱን ጥለውት ነው የሚመጡት። የኋላውን መስታወት በመብራት አንስተህ እዚህ ለጥፍልን።