የዶፒንግ ቅጣት እንዴት ይወሰናል? ጥያቄና መልስ

ስለ ምርመራው ብዙ ይወራል። ናሙናው ላቦራቶሪ ከገባ በኋላ ስለሚሆነው ግን በደንብ የሚያስረዳ አይገኝም። አንዷ 4 ዓመት፣ ሌላው 18 ወር፣ ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ብቻ ሲባል ሰው ውሳኔው በዕድል የሚወጣ ይመስለዋል፤ እንዲያ አይደለም። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ (ዋዳ) የ2021 ሕግ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ተሻሽሎ የሚመጣው ሕግ ሥራ ላይ የሚውለው ከጃንዋሪ 2027 ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥ፦ ሱሉልታ ነው የምሠራው። ሳያውቅ የወሰደ ሰው ለምን ይቀጣል? «አላወቅኩም» ማለት ዋጋ የለውም?

መ፦ ወንድሜ፣ ሁለት ጥያቄ አለ፤ አትቀላቅላቸው። የመጀመሪያው «ጥሰት ተፈጽሟል ወይ?» ነው። እዚህ ላይ «አላወቅኩም» አይሠራም። የተከለከለው ነገር ሽንትህ ወይም ደምህ ውስጥ ከተገኘ ጥሰቱ ተፈጽሟል፤ ውድድር ላይ ከሆነ የተገኘው የዚያ ቀን ውጤትህም ወዲያው ይሰረዛል። ሁለተኛው «ስንት ዓመት?» የሚለው ነው። ማወቅና አለማወቅ የሚመዘነው እዚህ ጋ ነው።

መነሻው የሚወሰነው በቅመሙ ዓይነት ነው። እንደ ኢፒኦ (ቀይ የደም ሕዋስ የሚያበዛው) እና ስቴሮይድ ያሉት ከተገኙ መነሻው 4 ዓመት ነው፤ ሆን ብለህ እንዳልወሰድክ የማስረዳቱ ሸክም አንተ ላይ ይወድቃል። በሕጉ ለብቻ ተለይተው የተዘረዘሩት፣ ማለትም በመድኃኒትነት በስህተት ሊገቡ የሚችሉት፣ መነሻቸው 2 ዓመት ነው። ሆን ተብሎ መወሰዱን ከሳሹ ካስረዳ ግን እነሱም 4 ይሆናሉ። ከዚያ ወደ ታች ለመውረድ ቁልፉ አንድ ነው፦ ከየት መጣ? ምንጩን በማስረጃ ያላሳየ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ላይ ይቀራል። «ጠላት አለኝ፣ ሰው አድርጎብኝ ይሆናል» የሚል ግምት በችሎት ፊት አይቆምም።

ጥ፦ የኬንያዊቷ ማራቶን ሯጭ የሩት ቼፕንጌቲች የ3 ዓመት ቅጣት አልገባኝም። የደም ግፊት መድኃኒት ነው ተብሎ የለ? ታዲያ 2 ዓመት መሆን አልነበረበትም?

መ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሒሳቡን ደረጃ በደረጃ እንየው። ማርች 14 ቀን 2025 የተወሰደው ናሙና ላይ የተገኘው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነው። ሽንት የሚያበዛ የግፊት መድኃኒት ነው፤ ሌላ ቅመም ለመደበቅ ስለሚያገለግል ተከልክሏል። መጠኑ በሚሊ ሊትር ወደ 3,800 ናኖ ግራም ነበር፤ ላቦራቶሪ ሪፖርት የሚያደርገው ከ20 ጀምሮ ነው። መነሻው እንዳልሽው 2 ዓመት ነው። በኋላ ግን ሲያማት የቤት ሠራተኛዋን መድኃኒት ምንነቱን ሳታጣራ እንደዋጠች ተናገረች። የክሱ ባለቤት የሆነው የአትሌቲክስ ኢንተግሪቲ ዩኒት (የዓለም አትሌቲክስን የዶፒንግ ጉዳይ የሚከታተለው ክፍል) ይህን «ግዴለሽነቱ ከማወቅ አይተናነስም» ብሎ ወደ 4 ዓመት ወሰደው። ክሱ ከደረሳት በኋላ በ20 ቀን ውስጥ አምና ቅጣቱን ስለተቀበለች 1 ዓመት ተቀነሰላት፤ 3 ሆነ። ከናሙናው ቀን ወዲህ ያሉ ውጤቶቿ ተሰርዘዋል፤ በጥቅምት 2024 ቺካጎ ላይ የሮጠችው የማራቶን ሰዓት 2:09:56 ግን ከዚያ በፊት ስለሆነ አልተነካም።

የ1 ዓመቱ ቅናሽ የሚሠራው የተጠየቀው ቅጣት 4 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ብቻ ነው። 20 ቀኑ ካለፈ ደግሞ አለፈ። ይህን የማያውቅ ማናጀር «ዝም በል፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» እያለ አትሌቱን ስንት ወር የውድድር ዕድሜ ያስከፍለዋል።

ጥ፦ ልምምድ ሲያደክመኝ ክሊኒክ ገብቼ ግሉኮስ ይሰጠኛል። ቫይታሚን እንጂ ቅመም የለውም። ይህም ያስቀጣል?

መ፦ አዎ፣ እህቴ፤ እዚህ አገር ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝም ይህ ነው። ችግሩ ከረጢቱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሳይሆን መጠኑ ነው። በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በደም ሥር መውሰድ ውድድር ኖረም አልኖረም የተከለከለ ነው። ክሊኒክ የሚሰቀለው ከረጢት 500 ወይም 1,000 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሩቡ ሳይወርድ ገደቡን አልፈሻል ማለት ነው። የሚፈቀደው ሆስፒታል ገብተሽ ስትታከሚ፣ ለቀዶ ሕክምና ወይም ለሕክምና ምርመራ ሲሆን ነው። «ደክሞኛል» ብለሽ ጎራ ያልሽበት ክሊኒክ በዚህ ውስጥ አይገባም። ለጥፋቱ ደግሞ የሽንት ውጤት አያስፈልግም፤ ስልክ ላይ የቀረ ፎቶ ወይም የክሊኒክ ካርድ ማስረጃ ይሆናል።

በእርግጥ ታመሽ ከተሰጠሽ የሐኪሙን ስምና ፊርማ፣ የበሽታውን ስም፣ የፈሳሹንና የመድኃኒቱን ዓይነት፣ መጠኑን በሚሊ ሊትር፣ የገባሽበትንና የወጣሽበትን ሰዓት የያዘ ወረቀት በዚያው ቀን ተቀበይ። በማግስቱ ለሕክምና የመጠቀም ፈቃድ እንዲሰጥሽ ወደ ኋላ የሚታይ ማመልከቻ አስገቢ። ከሦስት ወር በኋላ የተጻፈ ወረቀት ዳኞችን አያሳምንም።

ጥ፦ ጫትስ?

መ፦ ጫት ውስጥ ያሉት ካቲንና ካቲኖን ሁለቱም ዝርዝሩ ላይ አሉ፤ የሚከለከሉት በውድድር ጊዜ ነው። ካቲን የሚያስጠይቀው በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ከ5 ማይክሮ ግራም ሲያልፍ ነው። የውድድር ጊዜ የሚባለው ደግሞ ከውድድሩ ዋዜማ እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ይጀምራል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ለኮኬይን፣ ለሄሮይን፣ ለኤክስታሲና ለካናቢስ ከውድድር ውጪና ከስፖርቱ ጋር ሳይያያዝ ከተወሰደ የ3 ወር ቀለል ያለ ቅጣት አለ። ጫት ግን እዚያ ምድብ ውስጥ የለም፤ በተራው መንገድ ከ2 ዓመት ነው የሚጀምረው።

ጥ፦ ዌርአባውት (አትሌቱ በየቀኑ ለምርመራ የሚገኝበትን ቦታና ሰዓት አስቀድሞ የሚያሳውቅበት ሥርዓት) ላይ ሦስት ጊዜ ማለፍ እንደ መጠቀም መቆጠሩ ፍትሕ ነው? አሜሪካዊው አጭር ርቀት ሯጭ ክሪስቲያን ኮልማን ንጹሕ ሆኖ ኦሎምፒክ አመለጠው።

መ፦ እኔ ፍትሕ ነው ባይ ነኝ። አንዳንድ ቅመም በሰዓታት ውስጥ ከሰውነት ይወጣል፤ ያልተጠበቀ ምርመራ ከሌለ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ካልተገኘህ ወይም መረጃህን በትክክል ካላስገባህ መነሻው 2 ዓመት ነው፤ እንደ ጥፋቱ ክብደት እስከ 1 ዓመት ሊወርድ ይችላል።

ኮልማን ዲሴምበር 9 ቀን 2019 የመረጠው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ከምሽቱ 7:15 እስከ 8:15 ነበር። «ገበያ ነበርኩ፣ ግን ሰዓቱ ሳያልፍ ቤት ገብቻለሁ» አለ። የመደብሩ ደረሰኝ ግን 8:22 ላይ ዕቃ ሲገዛ ያሳያል፤ ክርክሩ እዚያ ላይ ተሰበረ። የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱ (ካስ) 2 ዓመቱን ወደ 18 ወር ዝቅ ያደረገለት መርማሪው ስልክ ቢደውል ይመጣ ነበር በሚል ነው። ይህን ሰምተህ ግን «ይደውሉልኛል» እንዳትል፤ መደወል የመርማሪው ግዴታ አይደለም።

ለእኛ አትሌቶች ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው ሰዓት ነው። ሲስተሙ የሚያነበው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ለማለት 12:00 ብለህ ከጻፍክ እኩለ ቀን ነው የሚሆነው፤ መርማሪው ስድስት ሰዓት ላይ ቤትህ ሲመጣ አንተ ሰንዳፋ ነህ። መጻፍ የነበረብህ 06:00 ነው። የ60 ደቂቃው መስኮት በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ማታ 5 ሰዓት መካከል መሆን አለበት። ለልምምድ በ11 ተኩል የምትወጣ ከሆነ ንጋቱን አትምረጥ፤ ማታ ከ3 እስከ 4 ሰዓት (21:00–22:00) ይሻልሃል።

ሁለተኛው አድራሻ ነው። «ሲኤምሲ፣ አዲስ አበባ» አድራሻ አይደለም። ከታወቀ ቦታ ጀምረህ በየት በኩል እንደሚታጠፍ፣ የበሩን ቀለም፣ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ ጻፍ። ደወሉ የማይሠራ ከሆነ አሠራው። ለዘበኛው ንገረው፤ «የለም» ብሎ መመለስ የለመደ ዘበኛ ያንተን ዓመት ሊያስቆርጥ ይችላል። አልተገኘህም የሚል ደብዳቤ ሲደርስህ መልስ የምትሰጥበት 14 ቀን ነው። ሁለት ተመዝግቦብህ ሳለ የመጀመሪያውን ደብዳቤ መልስ ሳትሰጥበት አልፈኸው ከሆነ፣ ከሦስተኛው በኋላ ስለ መጀመሪያው መከራከር በጣም ይከብዳል።

ጥ፦ አሰልጣኝ ነኝ። አንድ ልጄ የ«ተገኘብህ» ደብዳቤ ደረሰው። ዛሬ ምን ላድርግ?

መ፦ አሰልጣኝ፣ በመጀመሪያ ደብዳቤው ላይ ያሉትን ቀነ ገደቦች በወረቀት ይጻፉና ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። ቀጥሎ የተገኘው ነገር በየትኛው ምድብ እንደሆነ ያጣሩ፤ ከባዱ ምድብ (መነሻው 4 ዓመት የሆነው) ከሆነ ጊዜያዊ እገዳው ግዴታ ነው። እገዳውን ያክብር። ያከበረው ጊዜ ከመጨረሻው ቅጣት ላይ ይቀነስለታል፤ በድብቅ አንድ የጎዳና ሩጫ ቢሮጥ ያንን ያጣል።

ናሙናው ኤ እና ቢ በሚባሉ ሁለት ጠርሙሶች ተከፍሎ ይታሸጋል፤ መጀመሪያ የሚመረመረው ኤ ነው። የቢ ናሙና እንዲከፈት መጠየቅ መብቱ ነው፤ ሲከፈትም ራሱ ወይም ወኪሉ መገኘት ይችላል። ቢ የ«ኤ»ን ውጤት ካላረጋገጠ በዚያ ናሙና ላይ የተመሠረተው ክስ ይወድቃል። ነገር ግን ቢ ከዚያው ሽንት የተከፈለ ነው፤ ልጁ መውሰዱን ካወቀ ገንዘቡንና ቀኑን አያባክን። የሚጠቅመው የላቦራቶሪውን ሙሉ ሰነድ ጠይቆ፣ የጠርሙሱ ቁጥር ልጁ በፈረመበት ቅጽ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ማየት ነው።

ከዚያ ምንጩን ፍለጋ። በ7 ቀን ውስጥ የወሰደውን መድኃኒትና ሰፕሊመንት ቅጹ ላይ አስመዝግቦ ነበር? ካርቶኑ፣ ደረሰኙ፣ የሐኪም ማዘዣው አለ? ቤት ያለውን ማንም እንዳይጥል ያድርጉ። ስልኩንም እንዳያጸዳ። ኢንተግሪቲ ዩኒቱ ስልክ አስረክብ ሊል ይችላል፤ ማጥፋት ወይም የሐሰት ወረቀት ማቅረብ ራሱን የቻለ ሌላ ጥሰት ነው። ኬንያዊው ዊልሰን ኪፕሳንግ ከዌርአባውት በተጨማሪ መንገድ ዘጋብኝ ላለው አደጋ የሌላ ጊዜ ፎቶ አቅርቦ 4 ዓመት ተቀጥቷል። እባክዎን «አንድ ሐኪም አውቃለሁ፣ ወረቀት ይጽፍልናል» የሚለውን ሰው ከበሩ ይመልሱት።

ጥ፦ ዋሽንግተን ነው ያለሁት። የሰፕሊመንት ዕቃው ላይ የተከለከለ ነገር አልተጻፈም። ተበክሎ ከሆነስ?

መ፦ የተበከለ ምርት መሆኑ ከተረጋገጠና ትልቅ ጥፋት ከሌለብህ ቅጣቱ ከማስጠንቀቂያ እስከ 2 ዓመት ይሆናል። ሕጉ የተበከለ የሚለው ግን ቅመሙ መለያው ላይም ሆነ ቀላል የኢንተርኔት ፍለጋ ላይ የማይገኝ ሲሆን ነው። ስለዚህ የጀመርከውን ብቻ ሳይሆን ያልተከፈተና የባች ቁጥሩ አንድ የሆነ ሁለተኛ ዕቃ አስቀምጥ። የተከፈተውን «ራስህ ጨምረህበት ይሆናል» ሊሉህ ይችላሉ።

ጥ፦ ምንም ቅመም ሳይገኝ በደም ፓስፖርት ብቻ ይቀጣሉ?

መ፦ አዎ። የሄሞግሎቢንና የአዳዲስ ቀይ የደም ሕዋሳት መጠን ለዓመታት ይመዘገባል፤ የሚወዳደረውም ከራሱ ከአትሌቱ ጋር ነው። ባለሙያዎች ለመለዋወጡ ከፍታ ቦታ ላይ መሠልጠንንና ሕመምን ጨምሮ ሌላ ምክንያት ካላገኙ ክስ ይመሠረታል። ኬንያዊው አብርሃም ኪፕቱም ቫሌንሲያ ላይ በ2018 በ58:18 የሰበረው የግማሽ ማራቶን ክብረ ወሰን የተሰረዘበት በዚህ መንገድ ነው።

ጥ፦ ያለፈ ሜዳሊያ እስከ ስንት ዓመት ይነሳል? ለተበደለችውስ ምን ይደረግላታል?

መ፦ ጥሰቱ ከተፈጸመ 10 ዓመት ሳያልፍ ክስ መጀመር አለበት። ኤልቫን አቤይለገሴ ለቱርክ ስትሮጥ በ2007 በኦሳካ የዓለም ሻምፒዮና የሰጠችው ናሙና እንደገና ተመርምሮ ስቴሮይድ ተገኘበት፤ በ2017 ተቀጣች። ከኦሳካ በኋላ ያሉት የሁለት ዓመት ውጤቶቿ ሲሰረዙ የቤጂንግ 2008 ሁለት ብሮቿ አብረው ሄዱ። በ5 ሺህ ሜትር ሦስተኛ የነበረችው መሠረት ደፋር ወደ ብር ከፍ አለች። የለንደን 2012 የ1,500 ሜትር ደግሞ ይብሳል፤ አምስተኛ ሆና የገባችው አበባ አረጋዊ ከፊቷ ከነበሩት አራት ሦስቱ በየተራ ተሰርዘው ከ12 ዓመት በኋላ ወደ ሁለተኛነት ደረሰች። ሜዳሊያው ይመጣል። ስቴዲየሙ፣ ባንዲራው፣ የዚያ ዓመት ስፖንሰር ግን አይመለስም። ቅጣቱ በዛ ለሚሉኝ ይህን ነው የማሳያቸው።

ጥ፦ የአገር ውስጥ ፍርድ ካቀለለ ያ የመጨረሻ ነው?

መ፦ አይደለም። የዓለም አትሌቲክስ አካሉም ሆነ ዋዳ ወደ ካስ ይግባኝ ማለት ይችላሉ። ማራቶን ሯጯን ሪታ ጄፕቱን አገሯ ኬንያ በ2 ዓመት ቀጥታት በይግባኝ 4 ሆኗል።

ጥ፦ መርፌውን የሰጠው ሰውስ?

መ፦ ለአትሌት መስጠት ወይም መነገድ ከ4 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ያስቀጣል። ከታገደ አሰልጣኝ ወይም ሐኪም ጋር አውቆ መሥራትም ለአትሌቱ ራሱን የቻለ ጥሰት ነው። በአገራችን ደግሞ የ1996 ዓ.ም. (ይህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የወንጀል ሕግ አንቀጽ 526 ዶፒንግን ወንጀል አድርጎታል። በሌላ በኩል ምንጩን አጋልጦ ሌላ ጥሰት እንዲረጋገጥ ያደረገ አትሌት ከቅጣቱ እስከ ሦስት አራተኛው ሊታገድለት ይችላል።

ጥ፦ እገዳ ላይ ሆኜ ከቡድኔ ጋር መሮጥ እችላለሁ?

መ፦ ከክለብህ ወይም ከብሔራዊ ቡድን ጋር አይቻልም፤ ለብቻህ መሮጥ ግን ማንም አይከለክልህም። ወደ ቡድን ልምምድ የምትመለሰው የመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ወይም የእገዳው የመጨረሻ ሩብ ላይ፣ ከሁለቱ አጭሩ በሆነው ነው። ለ2 ዓመት እገዳ ሁለት ወር ማለት ነው። በእገዳ ውስጥ ከተወዳደርክ የመጀመሪያውን ያህል አዲስ እገዳ ይጨመርብሃል። ምርመራውም አይቋረጥም፤ የምርመራ ቋቱ (ዌርአባውት የመሙላት ግዴታ ያለባቸው አትሌቶች ዝርዝር) ውስጥ ካለህ ዌርአባውትህን በየሩብ ዓመቱ መሙላትህን ቀጥል፣ ሰዓቱንም በፈረንጅ።