ዘዌው ሳይለይ ጎኑ አይሰየምም

በዚህ ሳምንት ከወሎ ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ማዕዘናዊ ጎነ ሦስት የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጎኖቹ 3፣ 4 እና 5 ለሆኑ ማዕዘናዊ ጎነ ሦስት ሳይኑን 3/5 ብዬ ብሠራ መልሱ 4/5 ነው ተባልኩ። የት ላይ ተሳሳትኩ? (የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ ኮምቦልቻ)

መልስ፦ ሁለቱም የዚያው ጎነ ሦስት ሳይኖች ናቸው፤ የተለያየው የተጠየቀው ዘዌ ነው። ከ90 ዲግሪው ዘዌ ፊት ለፊት ያለው ረጅሙ ጎን፣ ማለትም 5፣ ምንጊዜም ሃይፖተነስ ሲሆን፣ የቀሩት ሁለቱ ግን ስማቸውን የሚያገኙት ከመረጥነው ዘዌ ነው፤ ከእሱ ፊት ለፊት ያለው ተቃራኒ፣ ከሃይፖተነስ ጋር ሆኖ ዘዌውን የሚሠራው ደግሞ ጎረቤት ይባላል። ከ3 ፊት ለፊት ያለውን ዘዌ «ሀ»፣ ከ4 ፊት ለፊት ያለውን «ለ» ብንላቸው፣ የ«ሀ» ሳይን (ተቃራኒው ለሃይፖተነስ ሲካፈል) 3/5፣ ኮሳይኑ (ጎረቤቱ ለሃይፖተነስ ሲካፈል) 4/5፣ ታንጀንቱ (ተቃራኒው ለጎረቤቱ ሲካፈል) 3/4 ይሆናል። ወደ «ለ» ስንዞር 4 ተቃራኒ፣ 3 ጎረቤት ስለሚሆኑ ሳይኑ 4/5 ነው። የአንዱ ሳይን የሌላው ኮሳይን የሆነው በአጋጣሚ አይደለም፤ ሁለቱ ዘዌዎች ተደምረው 90 ዲግሪ ስለሚሆኑ በማንኛውም ማዕዘናዊ ጎነ ሦስት ይኸው ነው። በእኔ አስተያየት ተማሪው ቀመሩን ከመጻፉ በፊት የተጠየቀውን ዘዌ ሥዕሉ ላይ ቢያከብብ ብዙ ስህተት ይቀራል።

ጥያቄ፦ ጎኖቹ ሁሉ እጥፍ ቢሆኑ ሳይኑም እጥፍ ይሆናል? (ሐይቅ)

መልስ፦ አይሆንም። 6፣ 8 እና 10 ላይ 6/10 ያው 3/5 ነው፤ ምስስል ጎነ ሦስቶች፣ ማለትም መጠናቸው ቢለያይም ቅርጻቸው አንድ የሆኑ፣ የጎኖቻቸው ውድር አንድ ነው።

ጥያቄ፦ ካልኩሌተሬ የ30 ሳይን −0.988 ነው ይለኛል። ተበላሽቶ ይሆን? (ወልዲያ)

መልስ፦ አልተበላሸም፤ 30ን በዲግሪ ሳይሆን በራዲያን፣ በሌላ የዘዌ መለኪያ፣ እየቆጠረ ነው። ወደ ዲግሪ ሲመልሱት 0.5 ይሰጥዎታል። በማዕዘናዊ ጎነ ሦስት ተቃራኒው ጎን ከሃይፖተነስ ስለሚያጥር የሹል ዘዌ ሳይን ምንጊዜም ከ0 በላይና ከ1 በታች ነው፤ ስለዚህ ኔጌቲቭ ቁጥር ሲያዩ መጠራጠርዎ ተገቢ ነበር።

ጥያቄ፦ የግቢያችንን ባሕር ዛፍ ሳልወጣበት ቁመቱን ማወቅ እችላለሁ? የጦሳ ተራራንስ? (ደሴ)

መልስ፦ ዛፉን ይችላሉ። በደልዳላ መሬት ላይ ከሥሩ 20 ሜትር ርቀው ቆመው ጫፉን ሲያዩ ዓይንዎ ከአግድም መስመር 35 ዲግሪ ቀና ካለ፣ የ35 ዲግሪ ታንጀንት ወደ 0.70 ስለሆነ 20 በ0.70 ተባዝቶ 14 ሜትር ይመጣል፤ የዓይንዎ ከፍታ 1.5 ሜትር ከሆነ ዛፉ 15.5 ሜትር ገደማ ነው። ጦሳን ግን በአንድ ልኬት አይችሉም፤ ከጫፉ ቀጥታ በታች ያለው ነጥብ ተራራው ውስጥ ስለሆነ እስከዚያ ድረስ ሜትር መዘርጋት አይቻልም። ስለዚህ ወደ ተራራው በሚያቀና አንድ መስመር ላይ፣ እኩል ከፍታ ካላቸው ሁለት ቦታዎች ዘዌውን ለክተው፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ይዘው ከሁለቱ የታንጀንት እኩልታዎች ቁመቱን ያወጣሉ። ደሴ ላይ እንዲህ ያለ ደልዳላ ቦታ ማግኘቱ ከስሌቱ ይከብዳል። የሚያገኙትም ከቆሙበት መሬት በላይ ያለውን እንጂ ከባሕር ወለል በላይ ያለውን ከፍታ አይደለም።