አዲስ ተርቦ ተገጥሞለት ዘይት የሚጨርስ የናፍጣ መኪና

ጥያቄው የመጣው ከሱሉልታ ነው። ጠያቂያችን የሚነዱት አሮጌ ባለ 2.5 ሊትር የናፍጣ ሚትሱቢሺ ኤል 200 ከሦስት ወር በፊት አዲስ ተርቦ (በጭሱ ግፊት እየዞረ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) ተገጥሞለታል፤ ከዚያ ወዲህ ግን በየ600 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሊትር ያህል ዘይት ይጨምሩበታል። ቁልቁለቱን በማርሽ ይዘው ወደ አዲሱ ገበያ ከወረዱ በኋላ ነዳጅ ሲሰጡት ሰማያዊ ጭስ ይለቃል። አንድ ጋራዥ «ፋሻው (ፒስተኖቹን የከበቡት ቀለበቶች) አልቋል፣ ሞተሩ ይውረድ» ብሏቸዋል።

እኔ ሞተሩን ለማውረድ አልቸኩልም። ፋሻ ቀስ በቀስ ያልቃል እንጂ ተርቦ የተቀየረበትን ሳምንት ጠብቆ አያልቅም። ጥርጣሬዬ ከተርቦው ሥር ወደ ዘይት ቋቱ በሚወርደው የመመለሻ ቱቦ ላይ ነው።

ብዙ ባለሙያ የሚስተው እዚህ ላይ ስለሆነ ጥቂት ላብራራ። የተርቦ ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ሊሽከረከር ይችላል፤ የሚንሳፈፈውም በዘይት ላይ ነው። ዘይቱን በግፊት የሚያስገባው የሞተሩ ፖምፓ ሲሆን፣ ሲወጣ ግን የሚገፋው ስለሌለ በራሱ ክብደት ብቻ ይወርዳል። በዘንጉ ሁለት ጫፎች ያሉት ሲሎችም ብዙዎች እንደሚያስቡት ጎማ ሳይሆኑ ፋሻ የሚመስሉ ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች ናቸው፤ ዘይቱን የሚያግዱትም ከውጭ ያለው የአየር ግፊት ከውስጡ ሲበልጥ ነው። መውረጃው ከጠበበ ዘይቱ ይሞላና ቀለበቶቹን አልፎ ወደ አየር ማስገቢያው ወይም ወደ ጭስ ማውጫው ይገባል። ቁልቁለት ላይ እግርዎን ከነዳጁ ሲያነሱ የተርቦው ግፊት ስለሚወድቅ ዘይቱ ያን ጊዜ ይጠራቀማል፤ ታች ደርሰው ሲረግጡ ይቃጠላል።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ የናፍጣ ሞተር የራሱን ዘይት እየሳበ ከተነሣ ቁልፍ ቢዘጉም አይጠፋም። ኢንተርኩለር (ከተርቦው የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዝ ራዲያተር መሰል ክፍል) ካለው ውስጡ የተጠራቀመውን ዘይት ሳያፈሱ ሞተሩን አያስነሡ።

ከዚያ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ቱቦውን ይፍቱ። ከርካሽ ተርቦ ጋር የሚመጣው ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያው መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ቀዳዳው ብዙ ጊዜ ልክ አይሆንም፤ ገጣሚውም ሌላ ከመፈለግ ይልቅ ሲሊኮን ይቀባል፣ ትርፉም ወደ ውስጥ ተጨምቆ መውረጃውን ይዘጋል። እንዲህ ያለውን የደረቀ ሲሊኮን ስንት ጊዜ በጉጠት እንዳወጣሁ አልቆጥረውም። ቱቦውን አጥበው በትክክለኛው ጓርኒሲዮን ብቻ ይግጠሙት። በአቧራ የታፈነ የአየር ፊልትሮም ዘይቱን ስለሚስበው አብረው ይቀይሩት።

ቱቦው ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ሞተሩ ሞቆ በዝግታ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትተው ገልብጠው በቀዳዳው ላይ ያስቀምጡት። ጥቂት ቢንቀጠቀጥ ችግር የለውም፤ ተስፈንጥሮ ከወደቀ ግን ከፒስተኖቹ የሚያልፈው ግፊት በዝቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሮቹ አየር አምቀው የሚይዙበትን ግፊት) ያስለኩ፤ የፋሻው ወሬ የሚነሣውም ያኔ ነው።

ደግሜ እናገራለሁ፤ ሞተሩ በድንገት ዙሩን እየጨመረ ከእጅዎ ከወጣ የአየር ማስገቢያውን በእጅ ወይም በጨርቅ ለመድፈን አይሞክሩ። መሪው ላይ ከሆኑ ፍሬኑን አጥብቀው ይዘው በትልቁ ማርሽ (በአራተኛ ወይም በአምስተኛ) ፍሪሲዮኑን ይልቀቁት። ውጭ ከሆኑ፣ ማስገቢያውን በወፍራም ጣውላ መድፈን የሚቻለው አጠገቡ በደኅና መድረስ ከቻሉ ብቻ ነው፤ ካልቻሉ አጠገብዎ ያሉትን ሰዎች ይዘው ይራቁ።