«ከዳው» ወይስ «ካደው»? የአንደርስ ነገር

ጥያቄ፦ «ድራጎን ኤጅ 2» የተባለውን የቪዲዮ ጨዋታ ታሪክ በአማርኛ እየተረክሁ ቪዲዮ አዘጋጃለሁ። የዋናው ባለታሪክ የሆክ ጓደኛ አንደርስ መጨረሻ ላይ የሚሠራውን ስናገር «አንደርስ ሆክን ካደው» አልሁ። አንድ ተመልካች «ከዳው ነው የሚባለው» ብሎ አረመኝ። ሌላው «ባንዳ በለው» አለ። ሦስተኛው «ለወገኑ የታገለ ሰው ምኑን ከዳ?» ብሎ ተቆጣ። ትክክሉ የትኛው ነው? ጨዋታው አንደርስን የሚጠራበትን «አፖስቴት» የሚለውን ቃልስ «ከሃዲ» ብዬ ብተረጉመው ያስኬዳል?

መልስ፦ በመጀመሪያ ሁለቱን ግሶች እንለይ። «ካደ» እና «ከዳ» ለጆሮ መንታ ይመስላሉ፤ ሲረቡ ግን መንገዳቸው ይለያያል። ካደ፣ ይክዳል፣ አይክድም፣ ክዶ፣ መካድ፣ ተካደ። ከዳ፣ ይከዳል፣ አይከዳም፣ ከድቶ፣ መክዳት፣ ተከዳ። ብዙ ሰው የሚደናገረው «ይክዳል» የካደ ሆኖ ሳለ «ይክዳ» የከዳ በመሆኑ ነው። «ወዳጅህ አይክዳህ» ብሎ የሚመርቅዎ ሰው በችግር ቀን ጥሎዎት እንዳይሄድ መመኘቱ ነው። «ወዳጅህ አይክድህም» ካለ ግን ያበደሩትን «አልወሰድሁም» አይልዎትም ማለቱ ነው። ትንሽ የፊደል ለውጥ ምርቃቱን ወደ ብድር ጉዳይ አዞረው።

ፍቺያቸውም እንደ እርባታቸው ይለያያል። «ካደ» የአፍ ሥራ ነው፤ የሆነውን አልሆነም፣ ያለውን የለም ማለት። ሰው ብድር ይክዳል፣ ውል ይክዳል፣ ልጁን «የእኔ አይደለም» ብሎ ይክዳል። ጴጥሮስ «ሰውየውን አላውቀውም» ባለ ጊዜ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የሚጠቀመው ይህንኑ ግስ ነው፤ «ሦስት ጊዜ ትክደኛለህ»። በፍርድ ቤት ተከሳሽ የሚጠየቀው «የእምነት ክህደት ቃል»ም ከዚሁ ነው። እዚያ «እምነት» ማለት «አዎን፣ አድርጌአለሁ» ብሎ ማመን ሲሆን «ክህደት» ደግሞ «አላደረግሁም» ማለት ነው። ሃይማኖትን ስለ መተው የሚናገር የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ አይደለም።

«ከዳ» ግን የእግር ሥራ ነው። መቆም የሚገባው ሰው ከቆመበት ሲነሣ ነው የሚባለው። ወታደር ከጦሩ ይከዳል፤ ወደ ጠላትም ይከዳል። ሽማግሌው «ጉልበቴ ከዳኝ» የሚሉት እስከ ትናንት የተሸከማቸው ጉልበት ዛሬ ስላልቆመላቸው ነው። እዚህ ጋ «ጉልበቴ ካደኝ» ብንል ትርጉም የለውም፤ ጉልበት አይናገርምና።

ይህን ይዘን ወደ አንደርስ እንሂድ፤ ቃሉን የሚመርጥልን ድርጊቱ ነውና። ጨዋታውን ባዮዌር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። አንደርስ ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ በወጣው «አዌከኒንግ» በተባለው የመጀመሪያው ጨዋታ ተጨማሪ ክፍል ውስጥ ቀልደኛ አስማተኛና ግሬይ ዋርደን (ጭራቆችን የሚዋጋ የጦረኞች ማኅበር አባል) ሆኖ የምናውቀው ሰው ነው። እዚያው ያገኘውን «ጀስቲስ» የተባለ መንፈስ በገዛ ፈቃዱ ወደ ውስጡ ያስገባል። መንፈሱ ፍትሕ ነበር፤ አንደርስ ለዓመታት ያጠራቀመው ቁጣ ግን ወደ በቀል ለወጠው። (ሲተርኩ «ፍትሕ» እና «በቀል» ብለው ስማቸውን ይተርጉሙት፤ «ጀስቲስ» እና «ቬንጀንስ» ብለው ከተዉት የአንደርስ ታሪክ ግማሹ ለአድማጭ አይደርስም።) በከርክዎል ከተማ፣ ዳርክታውን በሚባለው የድኾች ሰፈር፣ ስደተኞችን በነጻ ያክማል። በውጊያም የቡድኑ ዋና ፈዋሽ ስለሆነ ብዙ ተጫዋች ከጎኑ አይለየውም። ነገሩን የሚያከብደውም ይኸው ነው፤ ቁስልዎን ሲጠግን የከረመ እጅ ነው።

በሦስተኛው ክፍል አንደርስ ሆክን ሁለት ነገር እንዲያመጣለት ይለምነዋል፤ «ሴላ ፔትሬ» እና «ድሬክስቶን»። ምክንያቱ ከመንፈሱ የሚለየው መድኃኒት መቀመም እንደሆነ ይነግረዋል። ውሸት ነው። «ሴላ ፔትሬ» የሚለው ስም ለባሩድ መሥሪያ የሚሆነውን ጨው የላቲን ስም ስለሚያስታውስ፣ ንቁ ተጫዋች እዚያው ይጠረጥራል። ቀጥሎ ደግሞ ሆክ ቻንትሪ ወደሚባለው የከተማዋ ቤተ እምነት ገብቶ ታላቋን የሃይማኖት መሪ ኤልቲናን በወሬ እንዲይዝለት ይጠይቃል፤ ለምን እንደሆነ ግን አይነግረውም። ሆክ እምቢ ቢል እንኳ ነገሩ አይቀርም። አስማተኞችን የሚጠብቁት የቻንትሪው ወታደሮች፣ የቴምፕላሮች፣ አዛዥ ሜሬዲት እና የአስማተኞቹ አለቃ ኦርሲኖ አደባባይ ላይ ሲከራከሩ ቻንትሪው ከነኤልቲናና በውስጡ ከነበሩት ሰዎች ጋር ይፈነዳል። አንደርስ እዚያው ቆሞ እኔ ነኝ ይላል፤ ከእንግዲህ ማስማማት የሚባል ነገር እንዳይኖር ብዬ አደረግሁት ይላል። ሜሬዲትም በሰርክል ግቢ (አስማተኞች በቴምፕላሮች ጥበቃ ሥር እንዲኖሩ በሚገደዱበት ግቢ) ያሉት አስማተኞች በሙሉ፣ በፍንዳታው እጃቸው ሳይኖርበት፣ እንዲገደሉ ታዝዛለች። ከዚያ ሆክ አንደርስን መግደል፣ ማባረር ወይም ከጎኑ ማቆየት ይችላል።

አሁን ግሱን እንምረጥ። «ካደው» ከሁሉ ይልቅ የማይሆነው ቃል ነው። አንደርስ የካደበት ጊዜ የለም፤ በሰው ሁሉ ፊት ያመነ ሰው ነው። በፍርድ ቤት ቋንቋ ብንናገር የእምነት ክህደት ቃሉን ሲጠየቅ «አምኗል» ተብሎ ነው የሚመዘገበው። ስለዚህ የመጀመሪያው ተመልካች እርማት ትክክል ነው፤ «ከዳው» ከ«ካደው» ይሻላል።

ነገር ግን ሦስተኛው ተመልካች የተቆጣውም ያለ ምክንያት አይደለም። ከዳ ለማለት ሰውየው ከአንድ ወገን መነሣት አለበት። አንደርስ ከአስማተኞች ወገን አልተነሣም፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እዚያው ነው። «ከዳ» ያለ አንዳች ክርክር የሚሠራው ቀድሞ ስለሆነ ነገር ነው፤ ግሬይ ዋርደኖችን ጥሎ ወደ ከርክዎል መምጣቱ። እሱ የወታደር መክዳት ነው። ሆክን በተመለከተ ግን አንደርስ የለቀቀው ወገን ሳይሆን ወዳጅነት ነው፤ «ከዳው» የሚሠራውም በዚያ በኩል ብቻ ነው። ስለዚህ ቃሉን ከሚናገረው ሰው አንደበት አይለዩት። ሆክ «ከዳኸኝ» ቢል ሙሉ በሙሉ ያምርበታል፤ አንደርስን በፍቅር ይዛ የኖረች ሆክ ብትለውማ ይብሱን። ተራኪው ከላይ ሆኖ «አንደርስ ከዳ» ሲል ግን ያለ ተሳቢ ስለቀረ አድማጭ «ወደ ቴምፕላሮች ገባ» ብሎ ይሰማል፤ ያ ደግሞ ሐሰት ነው።

ለተራኪ የሚሻለው ድርጊቱን በየደረጃው በራሱ ግስ መናገር ነው። መድኃኒት ነው ብሎ ሲያስለቅም «ዋሸው»። ኤልቲናን በወሬ እንዲይዝ ሲልከው «መሣሪያ አደረገው»። ሁለቱን አንድ ላይ መናገር ሲፈልጉ «አታለለው»። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ፣ ሆክ ሳያውቅ መሃሉ ላይ ደርሷል። «ከዳው»ን ለመጨረሻው ትዕይንት ያቆዩት፤ ቀድመው ከተናገሩት ኃይሉን ያጣል።

በሰርክል ግቢ ስለነበሩት አስማተኞች ደግሞ ከ«ከዳ» የበለጠ የሚጠነክር የአማርኛ ቃል አለን፤ «ማገዳቸው»። እንጨት ወደ እሳት እንደሚማገድ፣ ጦርነቱ እንዲነድ ብሎ እነሱን አስገባቸው። ከእነሱ አንዱ ቢናገር ደግሞ «ለሜሬዲት ሰይፍ አሳልፎ ሰጠን» ሊል ይችላል፤ የይሁዳን ሥራ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የሚጠራው «አሳልፎ ሰጠ» እያለ ነውና። በእኔ ዕይታ በዚህ ታሪክ ከሆክ ይልቅ የተከዱት እነዚህ ናቸው፤ የትረካዎ ቋንቋም ክብደቱን ወደ እነሱ ቢያዞር እወዳለሁ።

ኤልቲናንስ? እሷን «ገደላት» ነው። ስለ አንደርስ የሚጽፉ ሰዎች «ክህደት» የሚለውን ቃል ሲያበዙ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ በወዳጆች መካከል ያለው ቅሬታ ገዝፎ የሞቱት ሰዎች ከዐረፍተ ነገሩ ይወጣሉ። ግድያን በክህደት አይሸፍኑት።

«ባንዳ» አይሆንም። ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን፣ በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ለወራሪው አድረው ወገናቸውን የወጉትን ሰዎች መጠሪያ ሆኖ በእኛ ዘንድ ቀረ። ባንዳ ለመባል ለጠላት ማደር ያስፈልጋል። አንደርስ ለማንም አላደረም። «አደራ በላ»ም አይገጥምም፤ እንዲያስቀምጥ የተሰጠው አደራ አልነበረምና። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» የሚለው ተረት ግን ለሆክ ልክ ነው፤ ሌላ ጓደኛ ከጎን ሆኖ እንዲናገረው ቢያደርጉ ይሰምራል።

ከግሱ የሚወጣውን ስም በተመለከተ፣ «የአንደርስ ክህደት» የሚል ርእስ ቢሰጡ አልቃወምም። «ክህደት» በግእዙ ከ«ክሕደ» የመጣ፣ የካደ ስም ቢሆንም፣ «ክዳት» በሰው አንደበት ብዙም ስለማይሰማ የሁለቱንም ግሶች ሥራ ተሸክሞ ይኖራል። «የሀገር ክህደት» ስንልም ከመካድ ይልቅ መክዳትን ማለታችን ነው። ለስም ይህን ስፋት እቀበላለሁ፤ ለግሱ ግን አልቀበልም፤ ግሶቹ ገና በሕይወት ያሉና የተለያዩ ናቸውና። «በሆክ ላይ ክህደት ፈጸመበት» የሚለውን የመግለጫ አማርኛ ግን እባክዎ ይተዉት፤ «ከዳው» እያለ አራት ቃል ለምን?

አሁን ወደ «አፖስቴት»። እዚህ ላይ «ከሃዲ» ካሉ ትረካው ይበላሻል። በእኛ ቋንቋ ከሃዲ እምነቱን የተወ ነው፤ በሰፊው ደግሞ የከዳ ሰው ስድብ ነው። በጨዋታው ዓለም ግን አፖስቴት ማለት ከሰርክል ግቢ ውጭ የሚኖር አስማተኛ ነው፤ ጭራሽ ገብቶበት የማያውቅም ሊሆን ይችላል። ሴት ወይም ወንድ አስማተኛ የሆነ ሆክ ራሱ አፖስቴት ነው፤ ሆክን ከመጀመሪያው «ከሃዲ» እያሉ ከጠሩ፣ አንደርስ ቻንትሪውን ሲያፈነዳ የሚጠሩበት ስም አያገኙም። ለአንደርስ «ኮብላይ አስማተኛ» ይስማማዋል፤ ከሰርክል ደጋግሞ የኮበለለ ነውና። ገብተው ለማያውቁት ግን «ኮበለለ» አይባልም፤ ስለዚህ ለሁሉም የሚሆን አንድ ቃል ከፈለጉ «ያልተመዘገበ» ወይም «ከግቢ ውጭ ያለ» ከማለት ይልቅ «አፖስቴት»ን እንዳለ ይዘው መጀመሪያ ላይ በአንድ ዐረፍተ ነገር ቢያስረዱ እመርጣለሁ።

ከተመልካቾችዎ አንዱም ያላነሣው አንድ ነገር ልጨምር። ሆክ እንደ ተጫዋቹ ምርጫ ወንድም ሴትም ነው፤ የአማርኛ ግስ ግን ሳይለይ አያልፍም። «ከዳው» ወይ «ከዳት»፣ «ከዳህ» ወይ «ከዳሽ»። ለንግግር ጽሑፍ ሁለት ቅጂ ከማዘጋጀት በቀር መውጫ የለም። ለትረካ ግን «ጓዶቹን ከዳቸው» ብለው በብዙ ቁጥር መናገር ይችላሉ፤ እውነትም ነው፤ የቡድኑ አባላት ቫሪክም አቬሊንም ያን ዕለት እዚያው ቆመዋል።

ሌላው የሆክ ጓድ፣ ልዑሉ ሰባስቲያን፣ በቡድኑ ካለና ሆክ አንደርስን ከማረ፣ ሰባስቲያን ጦር ይዤ እመለሳለሁ ብሎ ዝቶ ይሄዳል። እሱን «ከዳ» እንዳይሉት፤ ፊት ለፊት ተናግሮ የሄደ ሰው «ተለየ» ወይም «ጥሎ ሄደ» ነው የሚባለው። ሆክ አንደርስን ካባረረውም አንደርስ «ሄደ» ይባላል፤ ተባሮ የሄደ አይከዳም።