አንዱ ማስሊያ 4 ይለኛል፣ ሌላው 3

ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ፣

ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ የምኖር የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ግንቦት ላይ አዲስ አበባ ሄጄ የኤፒ ሳይኮሎጂ ፈተና እወስዳለሁ፤ ኤፒ ውጤቱ ከ1 እስከ 5 የሚሰጥ፣ በኮሌጅ ደረጃ የሚዘጋጅ የአሜሪካ ፈተና ነው። ትምህርት ቤታችን ትምህርቱን ስለማይሰጥ የማጠናው በራሴ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ሙሉ የመለማመጃ ፈተና ሠራሁ። ከ75ቱ የምርጫ ጥያቄዎች 52 አገኘሁ፤ 6ቱን ሰዓት አልቆብኝ ባዶ ተውኳቸው። ሁለቱን የጽሑፍ ጥያቄዎች የማረሚያ መመሪያውን እያየሁ ራሴ አርሜ ከ14 11 ሰጠሁ። ኢንተርኔት ላይ ካሉት የውጤት ማስሊያዎች አንዱ 4 አለኝ፣ ሌላው 3። ያስገባሁት ቁጥር ያው ነው። የማመለክትበት ዩኒቨርሲቲ ክሬዲት የሚይዝልኝ ከ4 ጀምሮ ነው። የትኛውን ልመን?

አንድ ነጥብም ከንክኖኛል። የመጀመሪያው የጽሑፍ ጥያቄ፣ አንድ ጥናት አንብቦ መተንተን የሚጠይቀው፣ ሙዚቃ በትኩረት ላይ ስላለው ተጽዕኖ ነበር። ትኩረት በጥናቱ ውስጥ የተሰጠውን የአሠራር ፍቺ ጻፊ ሲለኝ፣ «ትኩረት ማለት ሰው አእምሮውን በአንድ ነገር ላይ ማሳረፍ ነው» ብዬ መለስኩና ለራሴ 1 ነጥብ ሰጠሁ። ልክ ነኝ?

የጨነቃት ተማሪ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦

ውድ እኅታችን፣ ሁለቱንም ተዪያቸውና ወረቀትና ስልክሽን ይዘሽ ቁጭ በይ። ስሌቱ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

መጀመሪያ ማስሊያዎቹ ለምን እንደተለያዩ። ይህ ፈተና ከግንቦት 2017 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 2025) ጀምሮ ተቀይሯል። በፊት የምርጫ ጥያቄው 100 ነበር፤ አሁን 75 ነው፣ ጊዜውም 90 ደቂቃ። አሮጌ ማስሊያ 52 ስትዪው «ከ100 52» ብሎ ነው የሚያነብሽ። ሳጥኑ አጠገብ 100 የሚል ካየሽ ዝጊው፤ አብዛኛው ልዩነት ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

አሁን በእጅሽ አስዪው። ምርጫው ከጠቅላላው ውጤት ሁለት ሦስተኛ ይይዛል፣ የጽሑፉ ክፍል አንድ ሦስተኛ። ስለዚህ ከ100 ሲታሰብ አንድ የምርጫ ጥያቄ 0.889 ያህል ያወጣል፣ አንድ የጽሑፍ ነጥብ ደግሞ 2.38። ያንቺ 52 በ0.889 ሲባዛ 46.2፣ 11 በ2.38 ሲባዛ 26.2፤ ድምሩ 72.4። በአሮጌው ስሌት ግን 52ቱ 34.7 ብቻ ይሆናል፣ ድምሩም 60.9 ላይ ይወርዳል። አንድም ጥያቄ ሳትሳሳቺ 11 ነጥብ ተኩል ጠፋ ማለት ነው።

ያን 72.4 ግን ገና አትደሰቺበት። ችግሩ ያለው 11ዱ ላይ ነው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባል የለ፤ የጽሑፍ መልስ ራስ ሲያርም የሚሆነው ይኸው ነው። መመሪያውን ካየሽ በኋላ ያሰብሽው ሁሉ የጻፍሽው ይመስልሻል። ነገሩ ካለፈ በኋላ «አውቄው ነበር» የሚያሰኘውን ዝንባሌ ይሄው ትምህርት ራሱ ያስተምርሻል፤ ግን ማወቁ ብቻ ከወጥመዱ አያድንም።

የጠየቅሽኝን ነጥብ እንየው። ዜሮ ነው። የጻፍሽው የመዝገበ ቃላት ፍቺ ነው። የአሠራር ፍቺ ተመራማሪዎቹ ያንን ነገር በምን እንደለኩት ይናገራል። «ተሳታፊዎቹ በ10 ደቂቃ ውስጥ ሳይሳሳቱ የለዩዋቸው ፊደሎች ብዛት» ዓይነት መልስ ነው ነጥቡን የሚያስገኘው። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ ሌላ ሰው መልስሽን ብቻ አንብቦ ያንን መለኪያ ደግሞ መሥራት ይችላል? ካልቻለ ነጥብ የለም።

በዚሁ ጥያቄ ላይ ሌላው የሚያሳስተው ግኝቱ ለሌሎች ይሠራል ወይ የሚለው ነው። «ናሙናው ትንሽ ስለሆነ አይሠራም» ብሎ ማለፍ ከጥናቱ ምንም አላነሳም። ተሳታፊዎቹ እነማን ነበሩ? ሁሉም የአንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከሆኑ ያንን ጥቀሺና ለምሳሌ ለአዛውንቶች ለምን ላይሠራ እንደሚችል ተናገሪ። ስለ ሥነ ምግባሩ ሲጠየቅም እንደዚያው፣ «ተሳታፊዎችን አልጎዱም» ከማለት ተመራማሪዎቹ በጥናቱ ውስጥ በእርግጥ ያደረጉትን፣ ለምሳሌ ፈቃድ መጠየቃቸውን፣ መጻፍ ነው።

ሁለተኛው፣ ሦስት ምንጭ ሰጥቶ አቋም የሚያስይዝሽ የማስረጃው ጥያቄ፣ ነጥቡ እንዲህ ይከፋፈላል፦ ለአቋሙ 1፣ ለመጀመሪያው ማስረጃ 1፣ ማስረጃው አቋሙን እንዴት እንደሚደግፍ ለማብራራት 2፤ ለሁለተኛው ማስረጃም እንዲሁ 1 እና 2። ተማሪ ለራሱ አብዝቶ የሚሰጠው እነዚያን 2 2 ነጥቦች ነው። ማብራሪያው ከትምህርቱ አንድ ጽንሰ ሐሳብ ስም ጠርቶ ከማስረጃው ጋር ማያያዝ አለበት። «ይህ አቋሜን ይደግፋል» ብሎ ማስረጃውን በሌላ ቃል መድገም ማብራሪያ አይባልም። ሁለተኛው ማስረጃ ከሌላ ምንጭ፣ ጽንሰ ሐሳቡም ከመጀመሪያው የተለየ መሆን አለበት። ከየትኛው ምንጭ እንደወሰድሽም ጥቀሺ።

እንግዲህ ወረቀትሽን ለሦስት አራት ቀን አስቀምጪውና እንደገና እረሚው። ለእያንዳንዱ ነጥብ ከመልስሽ ውስጥ ነጥቡን ያስገኙትን ቃላት አስምሪባቸው። የሚሰመርበት ቃል ካጣሽ 0። «ማለቴ እኮ…» ማለት ከጀመርሽም 0፣ አራሚው ወረቀቱን እንጂ አንቺን አያገኝምና። የፍቺውን ነጥብና ከማብራሪያዎቹ 2 ብታጪ 8 ይቀርሻል፤ 8 በ2.38 ሲባዛ 19፣ ከምርጫው ጋር 65.2። ትክክለኛው ውጤትሽ ወደዚህ የሚጠጋ ይመስለኛል።

6ቱን ባዶ መተውሽ ግን አሳዝኖኛል። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም፣ ምርጫዎቹም አራት ናቸው። በጭፍን ብትሞዪያቸው እንኳ በአማካይ 1 ተኩል ይመታልሽ ነበር። ለአንድ ጥያቄ ያለሽ 72 ሰከንድ ነው፤ 45 ደቂቃ ሲሆን 38ኛው ላይ ካልደረስሽ ፍጥነትሽ አይበቃም። ልምምዱን መሃል ላይ አቁመሽ ቡና ጠጥተሽ ከተመለስሽ ወይም ጥያቄዎቹን ከዚህ በፊት ሠርተሻቸው ከነበረ ደግሞ 52ቱም አይታመንም።

ከዚያ ቁጥሩን በአንድ ነጥብ ሳይሆን በክልል ያዢው። በ75 ጥያቄ 52 ያገኘ ሰው፣ እውቀቱ ሳይለወጥ በጥያቄዎቹ ዕድል ብቻ 4 ጥያቄ ያህል ወዲያ ወዲህ ይላል። ከ48 እስከ 56 ጥያቄ ማለት ከ42.7 እስከ 49.8 ነጥብ ነው። ጽሑፉን ከ7 እስከ 9 ብለሽ ስትጨምሪበት ከ59 እስከ 71 ይሆናል። ምርጫውም ጽሑፉም ባንድ ቀን ዝቅ ካላሉብሽ ወይም ከፍ ካላሉልሽ መሃሉ አካባቢ ነሽ። ማስሊያዎቹ «ከዚህ በላይ 4» ብለው የሚያስቀምጡት ወሰን የሠሪዎቻቸው ግምት ነው፤ የፈተናው ባለቤት ኮሌጅ ቦርድ ለሁሉም ዓመት የሚሠራ ቋሚ ወሰን አላወጣም። ስለዚህ አንዱ ማስሊያ በ2 ነጥብ አሳልፎሽ እንደሆነ እንዳለፍሽ አትቁጠሪው።

ከአሁን እስከ ግንቦት የት ልድከም ካልሽኝ ጽሑፉ ላይ ነው የምልሽ። አንድ የጽሑፍ ነጥብ ከ2 ተኩል የምርጫ ጥያቄ በላይ ያወጣል፣ እና የአሠራር ፍቺ መጻፍ በሁለት ከሰዓት ይለመዳል። የተሳሳትሻቸውን 17 የምርጫ ጥያቄዎች ደግሞ በአምስቱ ምዕራፎች ክፈያቸው። እያንዳንዱ ምዕራፍ ከ15 እስከ 25 በመቶ ስለሚይዝ የሚዘለል የለም።

ፈተናው የሚሰጠው ብሉቡክ በሚባል የኮሌጅ ቦርድ መተግበሪያ ስለሆነ የሚቀጥለውን ልምምድ በላፕቶፕ ሥሪው። የጥናት ጽሑፉን ከስክሪን ላይ ማንበብ ከወረቀት ይዘገያል፤ ለጥናት ትንተናው ያለሽ ከማንበቢያው ጋር 25 ደቂቃ፣ ለማስረጃው 45 ነው። ኢንተርኔቱ መሃል ላይ ቢቋረጥ አትደንግጪ፣ መተግበሪያው መልስሽን ላፕቶፑ ላይ ይዞ ያስቀጥልሻል። መብራት ከጠፋ ግን የሚያድንሽ ባትሪው ብቻ ነው፤ ገመዱን ነቅለሽ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ሙሉ ይቆይ እንደሆነ ቤትሽ ሆነሽ ሞክሪው።