ቁልፉ ኪስ ውስጥ ነው፣ ሞተሩስ?

ከለገጣፎ፣ ከሰበታ፣ ከሱሉልታ፣ ከቱሉ ዲምቱና ከሌሎችም የከተማ ዳር ሰፈሮች ስለ ፑሽ ስታርት መኪና (ሪሞቱን ይዘው፣ ቁልፍ ሳያዞሩ አዝራር በመጫን ስለሚያስነሱት) የላካችኋቸው ጥያቄዎች ተጠራቅመዋል። የመጀመሪያው የሰው ሕይወት የሚነካ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመልሰዋለሁ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ማታ ደክሞት ይገባና መኪናውን ቤታችን ሥር ካለው ጋራዥ አቁሞ፣ ሪሞቱን ኪሱ ከትቶ ይወጣል። መኪናው ሃይብሪድ (በነዳጅ ሞተርም በባትሪም የሚሄድ) ነው። ሰሞኑን ጠዋት ጋራዡን ስከፍት ሞተሩ እየሠራ አገኘሁት። እሱ “ማታ ስወርድ ምንም ድምፅ አልነበረውም” ይላል። የጥበቃችን ክፍል ከጋራዡ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ያሰጋል ወይስ ነዳጅ ማባከን ብቻ ነው? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ እህቴ፣ በጣም ያሰጋል። የጥበቃችሁ ሰው በጤና ማደሩ እግዚአብሔር ይመስገን የሚያሰኝ ነው። ከሞተር ጭስ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ በክረምት ከሰል አስገብተው በር ዘግተው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው ያው ጋዝ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። የነቃ ሰው ራሱን ሲያመው፣ ሲያቅለሸልሸው ወጥቶ አየር ሊያገኝ ይችላል፤ የተኛ ሰው ግን ሳያውቀው ራሱን ይስታል። ጋዙ በበር ሥር፣ በግድግዳ ስንጥቅ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ባለፈበት ቀዳዳ ሁሉ ያልፋል። ስለዚህ አደጋው የጥበቃው ብቻ አይደለም፤ ከጋራዡ በላይ የምትተኙት የእናንተም ነው።

ባለቤትዎ ያሉት እውነት ነው። ሃይብሪድ ሲቆም ብዙውን ጊዜ ሞተሩ ያርፋል፤ መኪናው ግን አልጠፋም፣ በባትሪ እየሠራ ነው። ባትሪው ሲቀንስ፣ ውስጡ ሰው ኖረም አልኖረም፣ ሞተሩ በራሱ ይነሳል። ሲሞላ ያርፋል፣ ሲቀንስ ደግሞ ይነሳል፤ እንዲህ እያለ ያነጋል። በድሮው ቁልፍ ይህ እምብዛም አይደርስም ነበር፤ ቁልፉን ለመንቀል መጀመሪያ ማጥፋት ግድ ነው፣ እጅዎ ላይ ካለ ሞተሩ ጠፍቷል ማለት ነው። ሪሞት ኪስ ውስጥ መኖሩ ግን ስለ ሞተሩ ምንም አይነግርዎትም።

በአሜሪካ ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ምርመራ፣ ከ2006 ወዲህ ቢያንስ 28 ሰዎች ቁልፍ አልባ መኪናቸው ጋራዥ ውስጥ ሳይጠፋ ቀርቶ በዚሁ ጋዝ መሞታቸውን ዘግቧል። ቶዮታም ለአሜሪካ ገበያ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ መኪናው ለረጅም ጊዜ ሲረሳ ራሱን እንዲያጠፋ እንደሚያደርግ በዓመቱ አስታወቀ። ከዚያ በፊት የተሠራ መኪና ካላችሁ ይህ ይኖረዋል ብላችሁ አትተማመኑ።

ከዛሬ ማታ ጀምሮ እንዲህ አድርጉ። ማርሹ መጀመሪያ ፒ (የመቆሚያው ቦታ) ላይ ይግባ። ከዚያ አዝራሩ ይጫን፤ ዳሽቦርዱ ሙሉ በሙሉ ጨልሞ ሳይታይ ማንም አይውረድ። በብዙ ቶዮታዎች ማርሹ ፒ ላይ ሳይገባ አዝራሩን ቢጫኑ መኪናው ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ ባትሪ እየበላ ይቆያል። በሩን ሲዘጉ ቲጥ ቲጥ የሚል ድምፅ ከሰሙ፣ ቢደክምዎትም ተመለሱ፤ መኪናው እየጠራዎት ነው። የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ብታገኙ አንዱን ጥበቃው ክፍል፣ አንዱን መኝታ ቤት ስቀሉ። ለጥበቃው ሌላ ክፍል እስኪዘጋጅ ድረስ ግን መኪናው ውጭ ይደር። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ጥያቄ፦ ጅማ መንገድ ላይ በየቀኑ ከከባድ መኪኖች ጋር እየተጋፋሁ እነዳለሁ። አጠገቤ የተቀመጠ ልጅ አዝራሩን ቢነካው ሞተሩ ይጠፋል? ነዳጅ መስጫው ተይዞ መኪናው አልቆም ቢልስ? (ከሰበታ)

መልስ፦ እየሄዱ አንድ ጊዜ ነካ ቢደረግ በአብዛኛው መኪና ሞተሩ አይጠፋም፤ ሆን ተብሎ የተሠራው ለዚሁ ነው። ይኸው ጥበቃ ግን በጭንቅ ሰዓት እንቅፋት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2009 በካሊፎርኒያ ሳን ዲዬጎ አካባቢ አንድ ሌክሰስ አልቆም ብሎ ተጋጭቶ አራት ሰዎች ሞቱ። ሹፌሩ የአውራ ጎዳና ፖሊስ ነበር። መኪናው የራሱ ሳይሆን የእሱ እስኪጠገን በውሰት የተሰጠው ነው፤ የሌላ ሞዴል የጎማ ምንጣፍ ተነጥፎበት ነዳጅ መስጫውን ያዘበት። ያንን ሞተር በጉዞ ላይ ለማጥፋት አዝራሩን 3 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መቆየት ያስፈልግ ነበር። እንዲህ ባለ ጭንቅ ውስጥ ያለ ሰው አዝራሩን መታ መታ ያደርጋል እንጂ ሰከንድ አይቆጥርም። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ይህ ጊዜ ወደ ግማሽ ሰከንድ እንዲወርድ ሐሳብ አቅርቦ ነበር።

ስለዚህ አስቀድመው ይወቁት፦ በዘመኑ ቶዮታዎች አዝራሩን ከ2 ሰከንድ በላይ ተጭኖ መያዝ ወይም 3 ጊዜ ቶሎ ቶሎ መጫን ነው። ሌላ ስሪት ከሆነ መመሪያው ላይ ይዩ። ከዚያ በፊት ግን ፍሬኑን በሙሉ ኃይል ይርገጡ፣ እየለቀቁ አይርገጡ፤ ማርሹን ኤን (ሞተሩ ጎማውን የማይገፋበት ቦታ) ላይ ይጣሉ፤ መኪናው ሲታዘዝልዎ ወደ ዳር ይውጡ። ሞተሩን ማጥፋት የመጨረሻው ነው፤ ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም ከአንድ ሁለት እርግጫ በኋላ ይጠነክራል። ለፑሽ ስታርት አንድ ምስጋና ይገባዋል፦ በጉዞ ላይ ቢጠፋ መሪው አይቆለፍም። በቁልፍ የሚነሳ መኪና ላይ የደነገጠ ሰው ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዙሮ ከነቀለው መሪው ሊቆለፍበት ይችላል።

ጭቃ ሲበዛ ደግሞ ብዙዎቻችን በምንጣፉ ላይ ሌላ የላስቲክ ምንጣፍ እንደርባለን። በሹፌሩ በኩል አንድ ብቻ ይኑር፤ እሱም በማያያዣው የተያዘ ይሁን።

ጥያቄ፦ ማታ ከሥራ ስመለስ መንገድ ላይ ቆምኩ። ሪሞቱ ባትሪ ጨርሷል፤ በሩ አይከፈት፣ መኪናው አይነሳ። ሰፈሩ ጨለማ ነበር፣ በጣም ፈራሁ። ምን ማድረግ ነበረብኝ? (ከቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ አይዞሽ፣ መውጫ አለው። ሪሞቱ ጎን ላይ ያለችውን ትንሽ መክፈቻ ገፋ ብታደርጊ ቀጭን የብረት ቁልፍ ይወጣል፤ በእሱ የሹፌሩን በር ትከፍቻለሽ። አንዳንድ መኪና ላይ ቀዳዳው በእጀታው ሽፋን ሥር ተደብቋል፤ ዛሬ በብርሃን ፈልጊው። ከገባሽ በኋላ ፍሬን ረግጠሽ የሪሞቱን ምልክት ያለበትን ፊት አዝራሩ ላይ አስጠጊው፤ ድምፅ ሲያሰማ አዝራሩን ተጫኚ። ቶዮታ እንዲህ ነው። አንዳንድ ስሪቶች ሪሞቱ የሚገባበት የተለየ ቦታ አላቸው። የሪሞቱ ባትሪ ክብ፣ ጠፍጣፋና ባለ 3 ቮልት ነው፤ ብዙ ጊዜ ሲአር 2032 የሚባለው፣ ግን አሮጌው ላይ የተጻፈውን አይተሽ ግዢ። አንድ ትርፍ ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር። የዳሽቦርዱ መብራትም ጭል ጭል ካለ ግን ጥፋቱ የሪሞቱ ሳይሆን የዋናው ባትሪ ነው፤ አውቶማቲክ መኪና ደግሞ ተገፍቶ አይነሳም።

ጥያቄ፦ ሌቦች የሪሞቱን ሞገድ “እየሳቡ” መኪና ይከፍታሉ የሚባለው እውነት ነው? (ከሱሉልታ)

መልስ፦ ዘዴው እውነት ነው። በተለመደው አሠራር መኪናው ደካማ ሞገድ ይልካል፤ አንድ ሜትር ያህል ቅርብ ያለ ሪሞት ይሰማና ይመልሳል። ሁለት ሰዎች መሣሪያ ይዘው አንዱ መኪናው ጋ፣ ሌላው ቤቱ ግድግዳ ጋ ቢቆሙ ያንን ንግግር ያራዝሙታል፤ መኪናው ባለቤቱ አጠገቡ የቆመ ይመስለዋል። የጀርመኑ የመኪና ባለቤቶች ማኅበር አዳክ ለዓመታት ሲፈትን ከሞከራቸው መኪኖች አብዛኞቹ በዚህ መንገድ ተከፍተዋል። ሪሞቱን መኪናው ከቆመበት ግድግዳ አርቁት፤ ክዳኑ የሚገጥም የብረት ጣሳ ውስጥ አሳድሩት፣ ከዚያም ጣሳውን ይዛችሁ መኪናው ጋ ቆማችሁ ፈትኑት። በብዙ ቶዮታ ሪሞቶች መቆለፊያውን ተጭናችሁ ይዛችሁ መክፈቻውን 2 ጊዜ ብትጫኑ መብራቷ 4 ጊዜ ብልጭ ትልና ሪሞቱ ሞገድ መቀበል ያቆማል። ጠዋት አንዱን አዝራር ስትጫኑ ይነቃል።

ጥያቄ፦ ላቫጆ መኪናው ሳይጠፋ ትቼ ሪሞቱን ይዤ ሻይ ልጠጣ ሄድኩ። ሪሞቱ እኔ ጋ እያለ ሰው ሊነዳው ይችላል? (ከአያት)

መልስ፦ ይችላል። መኪናው ይጮኻል፣ ማስጠንቀቂያ ያሳያል፤ ግን በጉዞ ላይ ሞተር መቁረጥ አደገኛ ስለሆነ አያጠፋም። አጥፍተህ ሂድ።

ጥያቄ፦ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛን፤ ጽሑፉ ቻይንኛ ነው። ልጆቼ ውስጡ መጫወት ይወዳሉ። መነሳቱን በምን አውቃለሁ? (ከኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ይህ ጥያቄ በዝቷል። ጭስ ስለሌለው የጋዙ ስጋት የለም፤ ግን ድምፅ ስለሌለው ፔዳሉ ሲነካ ድንገት ይሄዳል። ዳሽቦርዱ ላይ “ሬዲ” የሚለው ምልክት ወይም የቻይንኛ አቻው ሲበራ መኪናው ለመሄድ ዝግጁ ነው። መኪናውን የሚያውቅ ሰው አሳይቶዎት ፎቶ አንስተው ለቤተሰቡ ሁሉ ያሳዩ። እንደ ፎልክስዋገን አይዲ 4 ባሉት ደግሞ አዝራር ሳይነካ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፍሬን መርገጥ ብቻ ያስነሳዋል። ፔዳል የሚደርስ ልጅ ይህን ማድረግ አያቅተውም። እናት ቦርሳዋን ወንበር ላይ ትታ ዕቃ ለማውረድ ስትዞር ሪሞቱ ውስጥ ነው። ሪሞት ያለበት መኪና ውስጥ ልጅ ብቻውን አይቅር።

ጥያቄ፦ የቆየች ቪትዝ አለችኝ፤ ፑሽ ስታርት ላስገጥምላት? (ከቡራዩ)

መልስ፦ ተው፣ ወንድሜ። ከፋብሪካ ሲመጣ አዝራሩ ከፍሬኑ፣ ከማርሹና ከመሪው መቆለፊያ ጋር ተናቦ ነው። ጋራዥ ውስጥ ሲገጠም ብዙ ጊዜ የመሪው መቆለፊያ ተነቅሎ ይወጣል፤ ፍሬን ሳይረገጥ የሚነሳም ይኖራል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን፣ መኪናዋ ቺፕ ያለው ቁልፍ (ቺፑን በአቅራቢያዋ ካላገኘች የማትነሳበት) ካላት ገጣሚው አንዱን ቁልፍህን ዳሽቦርዱ ሥር ይቀብረዋል፣ አዝራሩ እንዲሠራ። ያን ጊዜ ሌባው ቁልፍ መስረቅ አይጠበቅበትም፤ ቁልፉ መኪናዋ ውስጥ ነው።